ለብቻው የሚያወራ ልጅ

«ለብቻው ያወራል» የምትለዋ ወሬ በእኛ ሰፈር ቀላል ወሬ አይደለችም። ስለ አንድ ልጅ እንዲህ ከተባለ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዷ እናት ጸበል ታስባለች፣ ሌላዋ ዱዓ የሚያደርግላት ሼኽ ታፈላልጋለች። እውነቱን ከተነጋገርን ግን ለብቻው የማያወራ ሰው የለም። ሽንኩርት እየከተፈች ከአከራይዋ ጋር የምትሟገት እናት አለች፤ አከራይዋ እዚያ የለችም። ሂሳብ የሚሠራ አባት «ይኼ ለቤት ኪራይ፣ ይኼ ለትምህርት ቤት፣ ይኼስ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል፤ ራሱም ይመልሳል። አያት ደግሞ የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ እየወለወሉ የቀኑን ውሎ ይነግሯቸዋል።

ዛሬ የማነሣው ሆን ተብሎ፣ ሰው እንዲሰማው ታስቦ ስለሚጻፍ የብቻ ንግግር ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ተውኔት ሲማሩ ያገኙታል፤ በድራማ ክበብም ይለማመዱታል። እኛ ደግሞ በመጋረጃ ወዲያ ሆነን እንሰማውና እንደነግጣለን።

ጉዳዩን ወደዚህ ዓምድ ያመጣችው ታይዋን ውስጥ ሱቅ ያላት አንዲት እናት ናት። ድሬዳዋን የማታውቁ አንባቢያን «ታይዋን» ስል የሩቅ ምሥራቋ ደሴት እንዳትመስላችሁ። የከተማችን ገበያ ናት፤ ሞባይሉ፣ ጨርቁ፣ ሽቶው፣ የቤት ዕቃው ጎን ለጎን ተደርድሮ የሚሸጥባት። ዕቃ ልገዛ ገብቼ «ሲስተር፣ አንቺ የሆስፒታል ሰው ነሽ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። በድሬ አንቱታ ብዙ አይፈለግም፤ ማንም በዚህ አይቀየምም።

ልጇ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማታ ማታ ከክፍሉ ድምፅ ትሰማለች። መጀመሪያ በስልክ የሚያወራ መሰላት። ጆሮዋን ስትጥል ግን «ነገ ባልነቃ ማን ልብ ይላል? ወንበሬ ባዶ ቢሆን ማን ይጠይቃል?» ይላል። በሩን ገርበብ አድርጋ ብታይ ብቻውን ቆሟል፤ እጁ ላይ ወረቀት አለ። ምንም ሳትለው ተመለሰች። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። በአራተኛው ቀን ደብተሩን ገልጣ «ብቸኛ ንግግር» የሚል ርዕስ አየች። «ድራማ ነው ወይስ የራሱ ነው?» ነበር ጥያቄዋ።

«ሁለቱንም ሊሆን ይችላል» አልኳት። ሱቁ ሰው ሲገባበት ወሬያችን ተቋረጠ። የዛሬው ጽሑፍ የዚያ መልስ ሙሉው ነው።

ብቸኛ ንግግር ምንድን ነው?

ልቦለድ የሚጽፍ ሰው «በልቡ እንዲህ ሲል አሰበ» ብሎ የገጸ ባሕርዩን ልብ ሊከፍትልን ይችላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ጭንቀት በትረካ ይነግሩናል። ወጋየሁ ንጋቱም ያንኑ መጽሐፍ በሬዲዮ ሲያነብልን ተራኪውም፣ ገጸ ባሕርያቱም በእሱ ድምፅ ይመጡ ነበር። መድረክ ላይ ግን ተራኪ የለም። ያለው ሰው፣ ብርሃንና ቃል ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ሰው ለማንም የማይናገረውን ነገር ተመልካቹ በምን ይወቀው?

የተውኔት ሰዎች ለዚህ ያገኙት መላ ይኼ ነው፤ ገጸ ባሕርዩን ብቻውን መድረክ ላይ ያስቀሩትና ሐሳቡን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርጉታል። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት አይሰሙትም፤ እኛ እንሰማዋለን። ፈረንጆቹ «ሶሊሎኪ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ብቸኛ ንግግር የሚሉት አሉ። «መነባንብ» የሚለው ቃል ሰፋ ያለ ነው፤ አንድ ሰው በመድረክ ላይ ብቻውን የሚያሰማውን ረጅም ንግግር ሁሉ ይይዛል፣ ለሕዝብ የሚቀርበውን ግጥም ጭምር። ከእነዚህ የሚለይ ሌላም አለ፤ ሌሎች ሰዎች እያሉ ገጸ ባሕርዩ ፊቱን ወደ ተመልካች መለስ አድርጎ የሚጥላት አጭር የጎንዮሽ ንግግር። እሷ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ትሆናለች። ብቸኛው ንግግር ግን የሚመጣው ሰውየው መንታ መንገድ ላይ ሲቆም ነው፤ ልንገር ወይስ ልደብቅ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ ይቅር ልበል ወይስ ልበቀል ሲል።

ከእንግሊዝ ሀገር የመጣ ነገር አድርገን ብቻ እንዳናየው። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ተደፍተው ያንጎራጎሩት ምን ነበር? ለአማት የማይነገረው፣ ለባል የማይነገረው ሁሉ ለወፍጮው ይነገር ነበር። እሹሩሩም እንዲሁ ነው። ልጁ ቃሉን አይረዳም፤ እናቲቱ ግን ድካሟንም፣ ተስፋዋንም፣ የቀረባትንም ሰው ትነግረዋለች። ሙሾ የምታወርድ ሴት ለሟች ትናገራለች፤ የሚሰማው ግን ለቀስተኛው ነው። አንድ ሰው ለአንዱ እየተናገረ ሌላው የሚሰማበት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም።

ጴጥሮስና ሐምሌት

የአማርኛ ተውኔት መጀመሪያ ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው። ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነውን ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በተውኔታቸው ያናገሩት አውሬዎችን ነው። ሰው በቀጥታ የማይናገረውን በአውሬ አፍ አስነገሩት። ነገሩ ግን ገባቸውና ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ መድረክ በሌላ ቦታ የማይባል ነገር የሚባልበት ቦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ጸሐፌ ተውኔቶች ለዛሬው ጉዳያችን ቅርቡ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ»ና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መልሷል። ከራሱ ሥራዎች ደግሞ ስለ አቡነ ጴጥሮስ የጻፈው አለ። አቡነ ጴጥሮስ በጣሊያን ወራሪዎች አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እንቢ አሉ። ጸጋዬ የተወለደው በዚያው በ1928 ዓ.ም. ነው። «እሳት ወይ አበባ» በተባለው የግጥም መጽሐፉ ውስጥ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» የሚለው ግጥም የጳጳሱ የራሳቸው ንግግር ሆኖ ተጽፏል። የሚናገሩት ለገዳዮቻቸው አይደለም፤ ለእመቤታችን ነው። ለወራሪ ፊት የማይታየው ምጥ ለእናት ይነገራል። የጀግናን ጽናት ከታሪክ መጽሐፍ እንማራለን፤ ጽናቱ ምን ያህል እንዳስከፈለው ግን እንዲህ ያለው ንግግር ያሳየናል።

ሐምሌት የዴንማርክ ልዑል ነው። አባቱ ሞቷል። ወር ከምናምን ሳይሞላ እናቱ የአባቱን ወንድም አገባች፤ ያ ወንድም ነገሠ። በኋላ ልጁ አባቱ ተገድሎ እንደሞተ ይሰማል። ከ400 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዚህ ተውኔት ዝነኛ ብቸኛ ንግግር በሦስተኛው ገቢር ውስጥ ይመጣል። ልጁ ስለ መኖርና ስለ መሞት ያሰላስላል። በአንድ ወገን የዓለምን ግፍና ድካም ይቆጥራል፤ በሌላ ወገን ከሞት በኋላ ያለውን አለማወቁ ያስፈራዋል። ንግግሩ ውሳኔ የለውም። የምንሰማው ሚዛን ላይ ያለ ሰው ሐሳብ ነው፤ አንዱ ወገን ከበድ ሲል ሌላው ይመዝናል።

ወላጆች፣ በዚህ ትዕይንት ውስጥ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። ሐምሌት ወደ መድረክ ከመግባቱ በፊት የእንጀራ አባቱ ንጉሡና አማካሪው ፖሎኒየስ ከሚወዳት ልጅ ከኦፌሊያ ጋር የሚያወራውን ለመስማት ተደብቀዋል። ቀደም ብሎም የልጅነት ጓደኞቹን አስጠርተው እንዲሰልሉት አድርገዋል። የሰሙትን ሰምተው የደረሱበት መፍትሔ ወደ እንግሊዝ ሀገር ይላክ የሚል ነው። ቀጥሎ ደግሞ እናቱ ታናግረው ተባለ፤ ያኔም ፖሎኒየስ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ እዚያው ተወግቶ ሞተ። በዚያ ቤተ መንግሥት ልጁን የማያዳምጥ ጆሮ አልነበረም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ምን ሆነሃል? ንገረኝ፤ እሰማሃለሁ» ብሎ፣ ሳይደብቅና ሳያስደብቅ የጠየቀው የቤተሰብ ሰው ግን አናይም።

የማክቤዝ ሚስትና ሁለት አድማጮች

በጤና ሙያ ለሠራን ሰዎች «ማክቤዝ» ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ፤ አምስተኛው ገቢር እንደተከፈተ የሚመጣ። የማክቤዝ ሚስት ባሏን ወደ ግድያ የገፋፋች ሴት ናት። አሁን በእንቅልፍ ልቧ ተነሥታ ትሄዳለች፤ እጇን የምትታጠብ እየመሰላት ታሻሻለች፤ ደም እንዳልለቀቀላት ታወራለች። ይኼ ሙሉ ብቸኛ ንግግር ሊባል አይችልም፤ ሐኪምና አንዲት አስታማሚ ቆመው ይሰሟታል። እሷ ግን መኖራቸውን አታውቅም።

ሁለቱ ሰዎች የሚያደርጉትን ልብ በሉ። አስታማሚዋ ቀደም ባሉት ሌሊቶች የሰማችውን ሐኪሙ ሲጠይቃት አልናገርም አለች፤ የሚመሰክርላት ሌላ ሰው የለምና። የታማሚን ቃል ወደ ሰፈር ይዞ አለመውጣት ያኔም ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ነገሩ ከእሱ ሙያ በላይ እንደሆነ አምኖ፣ ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ሁሉ ከአጠገቧ አርቂ፣ ዓይንሽንም ከእሷ ላይ አትንቀዪ ብሎ አስታማሚዋን ያዝዛል። ዛሬ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል ብለን ለምንሰጋለት ሰው ቤተሰብ የምንሰጠው ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አደገኛውን ነገር አርቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደሚችል ባለሙያ አድርሱት።

ድራማ ነው ወይስ የራሱ?

አሁን ወደ ታይዋኗ እናት ጥያቄ እንምጣ። ለብቻ ማውራት በራሱ በሽታ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ሲጫወቱ ጮክ ብለው ለራሳቸው ይናገራሉ፤ «አሁን መኪናው ይዞራል፣ አሁን ይቆማል» እያሉ። የሩሲያው ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. 1896–1934) ይህን አጥንቶ፣ ልጆች በዚህ ንግግር ሐሳባቸውን እንደሚመሩበት፣ ሲያድጉም ንግግሩ ወደ ውስጥ ገብቶ የልብ ሐሳብ እንደሚሆን ጽፏል። ስለዚህ የአራት ዓመት የልጅ ልጃችሁ ከአሻንጉሊቷ ጋር ስታወራ «ምን ነካት?» አትበሉ። የትዳር አጋራቸውን ያጡ አረጋውያን ሟቹን ማናገራቸውም ብዙ ጊዜ የሐዘን መንገድ ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሰውየው ማንም ለማይሰማው ድምፅ መልስ ሲሰጥ፤ ይከተሉኛል፣ ሊገድሉኝ ነው እያለ ሲፈራ፤ ለቀናት እንቅልፍ ሲያጣ፤ ምግብ ሲተው፤ ንጽሕናውን ሲረሳ፤ ከሰው ሲሸሽ። በእኛ ከተማ ጫት ሌሊቱን ሲያነጋና እንቅልፍ ሲነሳ ነገሩ እንደሚባባስ አትርሱ። እነዚህን ስታዩ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበሉንም፣ ዱዓውንም ተዉ አልልም፤ ሕክምናውን ግን አታዘግዩ፣ መድኃኒት ከጀመረም አታስቋርጡት።

ልጁ ስለ ሞት ሲናገር ወይም ሲጽፍ ደግሞ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ድራማ ነው፣ ተዉት» ብሎ ማለፍ፤ ሁለተኛው ደብተሩን ቀምቶ፣ ክበቡን አስትቶ፣ ቤቱን ማሸበር። በጉርምስና ዕድሜ ስለ ሞት ማሰብ ያለ ነገር ነው፤ ሐምሌትን የሚያነብ ልጅ ስለ ሐምሌት ጥያቄ ቢጽፍ አይገርምም። ነገር ግን ራስን ማጥፋት በዓለም ላይ ለወጣቶች ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም። አብረው የሚታዩ ነገሮችን ተመልከቱ፤ የሚወደውን ዕቃ ማደል፣ የስንብት የሚመስል ንግግር፣ ከጓደኛ መራቅ፣ የትምህርት ውጤት በድንገት መውደቅ፣ «ሸክም ሆኜባችኋለሁ» ማለት።

ከዚያ ጠይቁ። አንዳንድ ሰው «ብጠይቀው ሐሳቡን እሰጠዋለሁ» ብሎ ይፈራል። እንደዚያ አይደለም፤ በቅንነት መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፣ ብዙ ጊዜ ለልጁ እፎይታ ነው። ጥያቄው ግልጽ ይሁን፤ «የጻፍከውን ሰማሁት፤ ደንግጫለሁ፤ አልቆጣህም። አንተ ራስህ መሞት የምትፈልግበት ጊዜ አለ ወይ?» መልሱ «አለ» ከሆነ አትጩሁ፣ አታስምሉት፣ ኃጢአቱን አትዘርዝሩ። አመስግኑት፤ ስለነገራችሁ። መድኃኒትና መርዛማ ነገር ካለ ከቤት አርቁ፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ያቺ እናት በዚያው ምሽት ሱቋን ዘግታ፣ እራት ካበሉ በኋላ ጠየቀችው። በኋላ እንደነገረችኝ ልጁ መጀመሪያ ሣቀ፤ ንግግሩ አባቱ የሞተበት ልጅ ሆኖ የሚጫወትበት ነው አላት። ቀጥሎ ዝም አለ። «ወንበሬ ባዶ ቢሆን» የምትለውን ግን መምህሩ አልሰጡኝም፣ ከራሴ ነው የጨመርኳት አለ። የቅርብ ጓደኛው ትምህርት ትቶ ከሄደ ወዲህ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም ደግሞ ስለ ጓደኛው አልጠየቀም። መሞት አይፈልግም፤ ብቸኝነት ግን አለ። ድራማም ነበር፣ የራሱም ነበር። እሷ የሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣችበትን ጉዳይ የአንድ ሰዓት ወሬ ፈታው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአጎቱን ልጅ እያስመጣች ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይበላሉ።

ልጁን በመጻፍ እንዴት እናግዘው?

የቤት ሥራውን ልትጽፉለት አይገባም። ጥያቄ በመጠየቅ ግን ብዙ ታግዙታላችሁ። እኔ የምጠይቃቸውን እነሆ።

መጀመሪያ፣ «ሰውየው የሚናገረው መቼ ነው?» ንግግሩ ከውሳኔ በፊት ባለችው ጠባብ ሰዓት ላይ ሲወድቅ ያምራል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የሚናገር ሰው ታሪክ ይተርካል እንጂ አይጨነቅም።

ሁለተኛ፣ «ለማን ነው የሚናገረው?» ለራሱ ይሁን፣ ለፈጣሪው፣ ለሟች አባቱ፣ ወይስ እጁ ላይ ላለ ዕቃ? የጸጋዬ ጴጥሮስ ለእመቤታችን ስለሚናገሩ ነው ንግግሩ ልመናም፣ ሙግትም የሚሆነው። አድራሻ የሌለው ንግግር ሰብከት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ «ሲጀምር ምን ያስባል፣ ሲጨርስስ?» የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ከሆኑ ልጁ የጻፈው አቤቱታ ነው። መሐል ላይ ሐሳቡን የሚያዞር ነገር መምጣት አለበት።

አራተኛ፣ «እንደዚህ ይናገራል ወይ?» የድሬ ልጅ በመድረክ ላይ እንደ ዜና አንባቢ ቢናገር ማንም አያምነውም። ልጁ ራሱ የሚናገረውን አማርኛ ይጻፍ፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ የተቀላቀለበትም ከሆነ እንደዚያው።

አምስተኛ፣ «ጮክ ብለህ አንብበው።» ትንፋሽ የሚያሳጥረው ዐረፍተ ነገር ይቆረጥ። ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚሄድ ንግግር ለጀማሪ ይከብዳል።

ምሳሌ ይሆን ዘንድ አንድ ትንሽ ነገር ጻፍኩ። ገጸ ባሕርዩ ታይዋን ውስጥ የእናቱን ሱቅ የሚጠብቅ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ጓደኞቹ በጅቡቲ አድርገው ባሕር ተሻግረው ዐረብ ሀገር ሊሄዱ ነው፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

(ምሽት። የሱቁ የላሜራ በር ግማሽ ተዘግቷል። ልጁ የቀኑን ሽያጭ እየቆጠረ ነው።)

ሦስት ሺህ አራት መቶ… ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ። ልክ ነው። ነገ እማዬ ስትቆጥረው አንድ ብር አይጎድልባትም። የሚጎድለው ቆጣሪው ነው። (ይሥቃል፤ ሣቁን ያቆማል።) ሌሊት አሥር ሰዓት ብለዋል። ልብስ አታብዛ፣ ውኃ ያዝ ብለዋል። እዚያ ሥራ ሞልቷል አሉ። ማን አየው? የደረሰው ሁሉ ፎቶ ይልካል። ያልደረሰው… ያልደረሰው አይልክም። ተወው። ሂድ በቃ። ሂድ! (ይነሣል፤ ቁልፉን ያነሣል።) ይኼን ቁልፍ የት ላድርገው? ለጎረቤት ብሰጠው «ለምን?» ይለኛል። ውስጥ ብተወው በሩን ማን ይዘጋዋል? ይዤው ብሄድ ደግሞ… ጠዋት ትመጣለች። ሁሉም ሱቁን ይከፍታል። እሷ በር ላይ ትቆማለች። ፀሐይ ላይ። «ልጅሽስ?» ይሏታል። «አሁን ይመጣል» ትላለች። እስከ ስንት ሰዓት ነው «አሁን ይመጣል» የምትለው? (ቁልፉን መዳፉ ላይ ይመዝናል።) አንቺ ትንሽ ብረት፣ ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽው?

(ስልኩ ይጠራል። ያየዋል። አያነሣውም። መብራቱን ያጠፋል።)

ልጁ «እናቴን እወዳታለሁ» አላለም፤ ስለ ቁልፍ ነው ያወራው። ገንዘብ በመቁጠር ጀመረ፤ እናቱ ፀሐይ ላይ የምትቆምበትን ሰዓት በመቁጠር ጨረሰ። ይሂድ ይቅር አልተነገረንም። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ሲያነብላችሁ «ልትሄድ አስበሃል እንዴ!» ብላችሁ ከመጮህ በፊት «ይኼ ልጅ የፈራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ገጸ ባሕርዩ መናገር ስለ ራስ ከመናገር ይቀልላል፤ ልጆች ብዙ ጊዜ በዚያ በር ነው የሚወጡት። ቀጥሎ «አንተስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ሲመጣም በግልጽ ይመጣ።

አያቶችም አልቀራችሁም። የልጅ ልጃችሁ የሚጽፈው ካጣ እናታችሁ ወፍጮ ላይ ምን ታንጎራጉር እንደነበር፣ እናንተ ራሳችሁ በመንታ መንገድ የቆማችሁበትን ሌሊትና ያኔ ለማንም ያልተናገራችሁትን ንገሩት። እሱ ይጻፈው። ጽፎ ሲያነብላችሁ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ እስኪጨርስ አታርሙት።